ውሃ መክፈያው ላይ

ከቀፊራ ስንነሳ ሌሊቱ አስር ሰዓት ነው፤
አስፋልቱ ገና ይሞቃል፣ ትናንት ፀሐይ የጠጣው።
ዚያድ ካሜራውን በፌስታል፣ በፌስታል ላይ በፌስታል፣
እንደ አራስ ልጅ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ አቅፎታል።
እኔ ያችን አሮጌ ብስክሌት፣ ከአባቴ የወረስኳት፣
ድንኳን ከፊት፣ በሶ ከኋላ፣ እንደ ግመል ጫንኳት።
«አቦ!» አለ ባለባጃጁ ሙኒር፣ አንገቱን በጎን አውጥቶ፣
«ዝናብ ልትቀርጹ? ዝናብ? የሚታይ ነገር ጠፍቶ?»

ስለ ደንገጎ ዳገት አላወራም ብዙ፤
ጉልበቴን ጠይቁት፣ ሲኖትራክ ሲያፍነን በየጥምዝምዙ።
ግማሹን እሷ ተሸከመችኝ፣ ግማሹን እኔ ተሸከምኳት፤
ሒሳቡ እኩል ወጣ፤ «ዕዳ የለብንም» አልኳት።

ከቁልቢ ወዲያ፣ ከአስፋልቱ ወርደን፣
ቀዩ ጭቃ ተቀበለን፤ ከዚያ ጥድ፣ ከዚያ ኮሶ፣ ከዚያ ደን።
እዚያ ዝናብ አይዘንብም፤ እዚያ ዝናብ ይኖራል፤
ከዛፉ ሽበት ይንጠባጠባል፣ ቅርንጫፍ ላይ ያድራል።
የእኛም ድንኳን ውስጥ አደረ፤ አልተጠራም፣ አልተባረረ፤
ሲነጋ ካልሲዬን ስጨምቀው አንድ ኩባያ ሙሉ ነበረ።

ዚያድ ጮኸ፦ «ተመለስ! ኩሬውን ድገመው፤
ድካምህ አልታየም፤ እንደገና ድከመው።»
ደከምኩለት። ሦስት ጊዜ አንድ ኩሬ ተሻገርኩ፤
በሦስተኛው፣ የእውነት፣ እስከ አንገቴ ተዘፈቅኩ።
ቀና ስል ባትሪ ይቀይራል። አልቀረጸውም።
የእውነቱን ነገር ማንም አላየውም።

ዩያ፣ የደን ጠባቂው፣ ከተሰበረ ጃንጥላ ሥር፣
ብዙ አየን መሰለኝ፣ ሳይናገር አንድም ነገር።
«ምን ጠፋባችሁ?» አለ። «ምንም፤ ዝናቡን ልንወስድ ነው» አልነው።
ሳቀ። «እሱ ራሱ ይወርድ የለም ወይ ወደናንተው?»
እጄን ይዞ ወሰደኝ ከሸንተረሩ አናት፤
የአንድ ወይራ ጠብታ ለሁለት ስትለያይ አየናት።
«ይቺ ወደ ራሚስ ትወርዳለች፣ ከዋቢ ጋር ትጠፋለች፤
ይቺ ደቻቱን ጠያይቃ ከደጃችሁ ትደርሳለች።»

ብስክሌቴን አቆምኳት፣ መክፈያው ላይ፣ አግድም፤
አንዱ ጎማ ለወዲያኛው፣ አንዱ ለእኛ ሲያደም።

ድሬ ጠብ ሳይል፣ ሰማዩ ኮከብ እንደ ሞላ፣
ደቻቱ ደርሶብን ነበር አንድ ሌሊት ከኋላ።
አባቴ በዚችው ብስክሌት፣ እኔን ከፊት አስቀምጦ፣
ነዳ፤ ነዳ፤ ቤታችን ከጀርባው በውሃ ተውጦ።
ያ ውሃ ከየት እንደመጣ ጠይቄ አላውቅም ነበር፤
ከሰማይ ይመስለኝ ነበር እንጂ ከአንድ ወይራ ሥር።

«ቅረጸው» አልኩት ዚያድን። ሌንሱ ጉም ለብሷል፤
በሸሚዙ ጠረገው፤ ሸሚዙም ርሷል።
ከምስሉ ነጭ ብቻ ቀረ፣ እንደ ታጠበ ነጠላ፤
ድምፁ ግን ገባ፦ ጠብታ፣ ከዚያ ጅረት፣ ከዚያ ሌላ።

ቁልቁለቱ ላይ ፔዳል የለም፤ ጆሮ ብቻ ነው የሚሠራው፤
ከጎናችን ቦዩ ይሮጣል፤ ማን እንዳስቸኮለው!

ማታ አንድ ሰዓት ላይ፣ ከባጃጁ መብራት ፊት ቆመን፣
ለሙኒር አሳየነው፣ ነጩን ምስል፣ አፍረን።
አልሳቀም። ካሜራውን ወደ ጆሮው አስጠጋ፤
«መቼ ነው ይሄ?» አለ። «ዛሬ፣ ስምንት ሰዓት፣ ደጋ።»
ሰማዩን አየ፤ ኮከብ ነው። አሸዋውን አየ፤ ደርቋል።
ስልኩን አወጣ፤ እህቱ ቤት፣ ከወንዙ ዳር፣ ይጠራል።
«ሂንዲያ፣ አትጠይቂኝ፤ ልጆቹን ሰብስቢና
ፍራሹን ከፍ አድርጊው፤ እየመጣሁ ነው» አለና
ሞተሩን አስነሳ።

እኔም ድንኳኑን ፈትቼ ከመሪው አወረድኩት፤
አንድ ልጅ የሚችል ቦታ ነበረ፣ ከፊት፤ በእጄ ጠረግኩት።